ሮብ ገበያ ወይስ የረቡዕ ገበያ?

ማስተማር የጀመርኩት ሮብ ገበያ ከምትባል መንደር ወጣ ብሎ ባለ የቅኔ ቤት ነው። ፈረንሳይ አገር ሥነ ጽሑፍ ተምሬ በተመለስኩ በዓመቱ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። እኔም አንድ ሳጥን መጽሐፍ በበቅሎ ጭኜ ወደ እናቴ አገር ሸሸሁ። የአካባቢው የአርበኞች አለቃ ግራዝማች ይሄይስ፣ «መልእክት የሚያደርሱ ሰዎች አሉኝ፤ ማንበብና መጻፍ አስተምርልኝ» አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን ዐሥራ ሁለት ጎልማሶች ወይራ ሥር አስቀምጬ ስለ ፈረንሳይ ባለቅኔዎች ስናገር አረፈድኩ። ሁለቱ አንቀላፉ። የቅኔ ቤቱ መምህር የኔታ ጥበቡ ሲያዳምጡ ቆይተው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ደኅና ተናገርህ። ለማን ነበር?»

«ለተማሪዎቹ ነዋ፣ የኔታ።»

«እኔ ደግሞ ለራስህ መስሎኝ።»

ከዚያ ወዲያ የእሳቸውን ሥርዓት ያዝኩ። ፊደል ቀድሞ የለየው ላልለየው ያሳያል፤ እኔ እየዞርኩ አንድ በአንድ አስነብባለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የኔታ እኔን ቅኔ ያስቆጥሩኛል። ስሳሳት «ፈረንሳይ ይህን አላሳዩህም?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ እሑድ ግራዝማች ከደብረ ማርቆስ የተላከ የጣሊያን ደብዳቤ ይዘው መጡ፤ ሰዎቻቸው ከመልእክተኛ ላይ የማረኩት ነው። ጣሊያንኛ አልተማርኩም፤ የፈረንሳይኛ ዘመድ ስለሆነ ግን እያገናዘብኩ አነበብኩት። ወታደር ይላል፣ ማቃጠል ይላል፤ ከዚያ «መርካቶ» እና «መርኮለዲ» ይላል። መርካቶ ገበያ ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ ረቡዕን «መርክረዲ» ይሉታል።

«የረቡዕ ገበያ ይላል» አልኩ።

«ረቡዕ ቀን ይመጣሉ ነው ወይስ ወደ ሮብ ገበያ ይመጣሉ?» አሉ ግራዝማች።

እህሉ ገና አውድማ ላይ ነበር። ቀኑ ከሆነ ወቅቶ ለማስገባት ጊዜ አለ። ቦታው ከሆነ ነገ ሊደርሱ ይችላሉ። ሰዉ ሁሉ ዓይን ዓይኔን ያያል። ባሕር ማዶ የተማርኩ ሰው ነኝና አለማወቄን መናገር አሳፈረኝ። «ቀኑን ነው» ልል ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

«አላውቅም፣ ጌታዬ» አልኩ። «ሁለቱንም ማለት ሊሆን ይችላል።»

ግራዝማች ፊታቸው ጠቆረ። «ታዲያ ያ ሁሉ ትምህርት ምን ጠቀመ?»

የኔታ ጣልቃ ገቡ። «ግራዝማች፣ ቃሉ ሁለት መንገድ ካለው ሁለቱንም መጠበቅ ነው። ልጁ አንዱን ደብቆ ቢነግርዎ ነበር ክፉው።»

ሰዉ በዚያው ቀን ከብቱንና የቻለውን እህል ይዞ ወደ ጮቄ ተራራ ወጣ። ጣሊያኖች ሰኞ ረፋድ ላይ ደረሱ። ቤቱንም አውድማውንም አቃጠሉ፤ አንድ ሰው ግን አላገኙም።

የመጽሐፍ ሳጥኔም አብሮ ነደደ። የኔታ አጠገቤ ተቀምጠው «በቃልህ የያዝከው የለም?» አሉኝ። አንድ የፈረንሳይ ግጥም አልኩላቸው። ቃሉ ሳይገባቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «ቤት ይመታል» አሉ።

ጠላት ከወጣ በኋላ ደብረ ማርቆስ የትምህርት ሹም ሆንኩ። መጀመሪያ የቀጠርኩት መምህር የኔታን ነው። አንድ የበላይ ሹም «ዲፕሎማ የላቸውም» ሲሉኝ፣ «ማስተማር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» አልኳቸው። ፈረሙ።

ኋላ ምክትል ሚኒስትር እስከ መሆን ደረስኩ። ብዙ ወረቀት ፊቴ ቀርቧል። አልገባኝም ብዬ የመለስኩት ጎድቶኝ አያውቅም። የገባኝ መስዬ የፈረምኩባቸው ጥቂት ናቸው፤ እነሱን ማረም ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል።