ባለ ሰባት ድንጋዩ ምድጃ

ዛሬም ማለዳ ዐይኔን ሳልገልጥ ቀድሞ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የእማማ ፊሎሜን ቀንድ ነው። የበሬ ቀንድ ነበር፤ አፉ በመዳብ የተለበጠ። በኅዳር ወር፣ ውርጩ ጣራውን ሁሉ ነጭ አልብሶት ሳለ፣ ከምድጃው ቤት ደጃፍ ሁለት ጊዜ ይነፋል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ረጅሙ ምድጃው ግሏል ማለት ነው። አጭሩ ባለተራውን ተነሥ ይለዋል። ያን ጊዜ በፈረንሳይ ተራራ ላይ ያለችው መንደራችን ሶምሎንግ እንዳለች ትንጫጫለች። በር ይከፈታል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ሊጥ የተሸከሙ ሴቶች በሚያንሸራትተው የድንጋይ መንገድ እየተጠራሩ ይወርዳሉ። ሕፃናቱ ደግሞ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አቀያይረው ከኋላ ይሮጣሉ። እኔም ሮጫለሁ፤ በልጅነቴም፣ አግብቼ ወልጄም።

ሶምሎንግ ዳቦ የምትጋግረው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። በረዶው መንገድ ከመዝጋቱ በፊት መንደሩ በሙሉ የብርዱን ወራት ዳቦ በአንድ ምድጃ በየተራ ይጋግራል። ጥቁር፣ ክብ፣ ለአንድ ሰው ክንድ የሚከብድ ዳቦ ነው። ጣራ ሥር በመደርደሪያ ላይ ተደርድሮ እስከ ፋሲካ ይቆያል፤ ወደ መጨረሻው ላይ በተራ ቢላዋ የማይደፈር ይሆንና ከጣውላ ጋር በተያያዘ ትልቅ ስለት እየተጫንን እንሰብረዋለን። የሸለቆው ሰዎች ገበያ ላይ ሲያገኙን «ድንጋይ በሎቹ መጡ!» ይሉናል። እኛም «ጥርሱ ያለን እኛ ነና! እናንተ ሾርባችሁን ጠጡ!» እንላቸዋለን።

ማን ቀድሞ እንደሚጋግር የሚወሰነው በዕጣ ነው። ቀዳሚ መሆን የሚወድ የለም፤ ዓመት ሙሉ ቀዝቅዞ የከረመውን ምድጃ የሚያሞቀው የእሱ እንጨት ነውና። የየቤቱ ማኅተም በአባባ ሲሜዮን ባርኔጣ ይከተትና እማማ ፊሎሜን ዐይናቸውን ጨፍነው አንዱን ያወጣሉ። መቼም የሚወጣው መሰላል የተቀረጸበት የአባባ ሲሜዮን ማኅተም ነው።

«ደግሞ እኔ! ይኼን ምድጃ ምን በድዬው ነው?»

«ይወድሃል» ይሏቸዋል እማማ ፊሎሜን። «ሚስትህ ከሞተች ወዲህ የሚያሞቅህ እሱ ብቻ አይደለም እንዴ?»

ማኅተም ያልኩት ከጠንካራ እንጨት የተቀረጸች፣ እጀታ ያላት፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ነገር ናት። ዳቦ ከዳቦ እንዳይምታታ እያንዳንዱ ቤት ሊጡ ላይ የራሱን ምልክት ያትማል። የእኛ ቤት ፀሐይ ነበረች። የካፌዋ የማዳም ክላሪስ ቁልፍ፣ የእማማ ፊሎሜን ኮከብ። ማኅተሙን መጫን የሚችለው የቤቱ ተወላጅ ወይም ወደ ቤቱ ያገባ ሰው ብቻ ነው። ቤት ሲዘጋ፣ የመጨረሻው ሰው ሲሞት ወይም ቤተሰቡ በሩን ቆልፎ ወደ ከተማ ሲወርድ፣ ማኅተሙ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በዚያ ዓመት የመጨረሻ እሳት ውስጥ ይጣላል። ባለቤት በሌለው ስም ማንም እንዳይጋግር ነው፤ ከአያቶቻችን አያቶች የመጣ ሥርዓት ነው።

እማማ ፊሎሜን የተወለዱት ማኅተሙ ማበጠሪያ በሆነ ቤት ነው። ሁለት ወንድሞቻቸውን የመጀመሪያው ትልቁ ጦርነት በላቸው፤ አባታቸውም ብዙ አልቆዩም። ገና ልጃገረድ ሳሉ የአባታቸውን ማኅተም ጠቅልለው ወደ እሳቱ የጣሉት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

«ሌላ እንጨት ሲነድ ይንጣጣል» አሉኝ አንድ ቀን ሊጥ ስናቦካ። «እሱ ግን ዝም ብሎ ነደደ።»

ከዚያ ወዲያ የኮከቡን ቤት ልጅ፣ የምድጃው ጠባቂ የነበረውን ሴለስተንን አገቡ። ሴለስተን የበረዶ ናዳ ሲወስደው ቀንዱን ከምስማሩ አወረዱት። ወንዶቹ «ሴት ደግሞ ቀንድ ትነፋለች እንዴ?» እያሉ ተሳሳቁ። በማግሥቱ ማለዳ እማማ ፊሎሜን እንዴት አድርገው እንደነፉት ሲነገር ኖሯል፤ የቄሱ በቅሎ ማሰሪያዋን በጥሳ እስከ ወንዙ ድረስ ወርዳለች። ከዚያ ወዲህ የጠየቀ የለም።

እሳቱን በዐይናቸው ነበር የሚያነቡት። የምድጃው ጣራ ከጥላሸት ጠቁሮ ይቆይና ሙቀቱ ሲሞላ ነጭ ይሆናል፤ ያን ጊዜ «በቃው» ይላሉ። እኛ ገና ጥቁር ነው ስንል እሳቸው ፍሙን መጥረግ ይጀምራሉ። አንዳንዴም ይሳሳታሉ። አንድ ዓመት የእኛን ዳቦ ሙሉውን አሳረሩትና እስከ ፋሲካ ድረስ ባሌ ከሰል እየበላሁ ነው እያለ ሲያማቸው ከረመ።

እንዲህ እያለ የመስከረሙ ስብሰባ መጣ። ኅዳር ሊገባ ሁለት ወር ያህል ቀርቶታል። ከንቲባችን ኦኖሬ ግራቪዬ በትምህርት ቤቱ ክፍል ሰበሰበንና ምድጃው እንደሚፈርስ ነገረን።

ኦኖሬ ክፉ ሰው አልነበረም። የበረዶ ጠራጊው መኪና ምድጃው ጋ ሲደርስ መንገዱ ጠቦበት ማለፊያ አጥቶ ይመለሳል፤ የላይኛው ሰፈር በረዶው እስኪቀልጥ ተቆርጦ ይቀራል። ባለፈው ዓመት አባባ ሲሜዮን ሳንባቸውን ሲታመሙ በመሰላል ላይ አስረን ነው ያወረድናቸው። ደግሞም ባለማኅተሞቹ ቤቶች አንድ በአንድ ስለተዘጉ፣ ማኅተም የሌላቸው አዲስ ቤቶችም ከሸለቆው በመኪና የሚመጣ ዳቦ ስለሚገዙ፣ የሚጋግሩት አራት ቤቶች ብቻ ነበሩ፤ ኮከብ፣ ፀሐይ፣ ቁልፍና መሰላል።

እማማ ፊሎሜን ከኋላ ወንበር ተነሡ።

«የምድጃው አፍ ስንት ድንጋይ ነው ያለው?»

ኦኖሬ ፈገግ አለ። «ሰባት። አውቃለሁ እማማ፣ አባቶቻችን ያሉትን አውቃለሁ። በድንጋዮቹ ቁጥር ማኅተም እስከገባበት ድረስ ምድጃውን ማንም አይነካውም።»

«እና?»

«እናማ አራት ናችሁ።»

«ሰባት ባመጣስ?»

«ከየት?»

«ባመጣስ ነው ያልኩህ።»

«እንግዲያውስ ይቆማል። በሰው ሁሉ ፊት ቃሌ ነው።» ቤቱ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። የሞቱ ቤቶች ማኅተም አመድ ሆኗል፤ ማን የማያውቅ አለ?

በማግሥቱ እማማ ፊሎሜን እኔን፣ ማዳም ክላሪስንና አባባ ሲሜዮንን ቤታቸው ጠሩንና የዱቄት ሣጥናቸውን ከፈቱ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ዱቄቱ ውስጥ ሰደው ሁለት ማኅተሞች አወጡ። አንዷ ወፍ ናት፣ አንዱ ደወል። ማዳም ክላሪስ አማተበች።

«ይኼ... ይኼ የቤርጆቹ ወፍ አይደለም?» አሉ አባባ ሲሜዮን። «ሲነድ በዐይኔ አይቻለሁ!»

«ያየኸው ጨርቅ ሲነድ ነው። ጨርቁ ውስጥ የነበረው የመጥረጊያ እንጨት ነው።»

«ሌባ! ዕድሜ ልክሽን መንደር ስታታልዪ!»

«የአባቴን አቃጥያለሁ» አሉ እማማ ፊሎሜን ረጋ ብለው። «ከዚያ ወዲያ እጄ አልታዘዘልኝም።»

አባባ ሲሜዮን ወፏን ተቀብለው ዱቄቱን እፍ አሉላትና ድንገት እንደ ልጅ መዝለል ጀመሩ። «ስድስት! ስድስት ሆንን!»

ሰባተኛውስ ብለን እማማ ፊሎሜንን ስንጠይቃቸው «ይመጣል» ብቻ አሉ።

ስልክ ያለው ካፌው ውስጥ ነበር። እማማ ፊሎሜን በሕይወታቸው ስልክ ይዘው አያውቁም፤ መንደሩ በሙሉ ሊሰማ ተሰብስቧል።

«አሎ! ዴልፊን ቤርጅ ነሽ?»

«ማን ልበል?»

«ፊሎሜን ነኝ! የሶምሎንግ!»

«እንዴ! እስካሁን አሉ?»

«ምን ትዪኛለሽ፣ የት ልሂድ? ስሚኝ፤ ወፍሽ እኔ ጋ ናት!»

«ምኔ?»

«ወፍሽ! የአባትሽ ማኅተም! አልተቃጠለችም!»

ዴልፊን ከምትኖርበት ከማርሴይ ከተማ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ መጣ። አባባ ሲሜዮን ከኋላ «እንዲህ የምትጮኺ ከሆነ ስልኩ ምን ያደርግልሻል? መስኮቱን ክፈቺና ጥሪያት» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

የደወሉ ቤት ልጅ ኤሜ ግሬኖብል ከተማ የጭነት መኪና ነጂ ነበር። እሱ ነገሩን ሰምቶ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስንት እንጨት ላምጣ?»

አይ የዚያ ኅዳር ደስታ! ዴልፊን ከነልጆቿ በአውቶቡስ መጣች፤ የከተማ ጫማዋ በመጀመሪያው ጭቃ ተረከዙን ጥሎ ቀረ። ኤሜ ጥድ የጫነ መኪናውን እያስጮኸ ገባ። ከአዳሪ ትምህርት ቤት የተመለሱ፣ ለዓመታት ያልተያዩ፣ ተኳርፈው የነበሩ ሁሉ የማቡኪያውን ገንዳ ከበው እጅጌያቸውን ሰቅለው ሊጥ ያቦካሉ። ዕጣው ሲወጣ እንደተለመደው መሰላል ወጣ፤ መንደሩ እልል ሲል አባባ ሲሜዮን ባርኔጣቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ምድጃው ነደደ፣ ነደደ፤ ጣራው ነጭ ሆነ። ቀንዱም ተነፋ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶው መርገፍ ጀመረ። ከምድጃው ጎን ባለችው የማቡኪያ ክፍል ውስጥ ሁላችንም ተጠጋግተን ቆመናል። ስድስቱ ቤቶች ጋግረው ጨርሰዋል፤ ጣውላው ላይ ከተጋገሩት ዳቦዎች ጎን ማኅተም ያልተጫነበት አንድ ሊጥ ብቻ ቀርቷል። ሰባተኛ ሰው ግን የለም። ዴልፊን በሩን ደጋግማ ታያለች። ልቤ ከምድጃው ይልቅ ይነድ ነበር።

በሩ ተከፍቶ ኦኖሬ ገባ። በረዶውን ከካፖርቱ አራገፈና ጣውላው ላይ የተደረደሩትን ዳቦዎች አያቸው። እያንዳንዱን ማኅተም በጣቱ ነካ። ድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረም።

«ስድስት» አለ። «እማማ፣ እኔም ደስ አይለኝም። ግን ማፍረሻ ማሽኑ ሰኞ ይመጣል። መንገዱን የት ላድርገው?»

«የእኛ ጎተራ ግድግዳው ብቻ ነው የቀረው» አለ ኤሜ። «ከምድጃው ፊት ለፊት ነው፤ በረዶ ጠራጊው በዚያ ይለፍ። እሱን አፍርሱት፤ ሰጥቻለሁ።»

ኦኖሬ ትንሽ አሰበ። «ለመንገዱ ጥሩ ነው። ቃል ግን ቃል ነው፤ ሰባት ተባብለናል። አንድን ሰው ዛሬ ብለቀው ነገ ሌላው...»

«እጅህን ታጠብ» አሉ እማማ ፊሎሜን።

«ምን አሉኝ?»

«እጅህን ታጠብ ነው የምልህ፣ ሊጥ በቆሻሻ እጅ አይነካም።»

ከሽርጣቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ገንዳው ጠርዝ ላይ ፈቱት። ሁለት የተጠማዘዙ የፍየል ቀንዶች የተቀረጹበት ማኅተም ነበር። ኦኖሬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የግራቪዬ ቤት ማኅተም መሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አባቱ ሲሞት እናቱ ቤቱን ዘግታ ወደ ሸለቆው ስትወርድ፣ ያንን ማኅተም ጠቅልሎ ለእማማ ፊሎሜን ያስረከበው እሱ ራሱ ነበር፤ ገና ጢሙ ሳያድግ። በኋላ ተመልሶ ከመንገዱ ዳር አዲስ ቤት ቢሠራም የአዲስ ቤት ሰው ሆኖ ነው የኖረው፤ ማኅተም የለውም፣ ዕጣ አይወጣለትም፣ ቀንዱ ሲነፋ አይነሣም።

«ይኼ ተቃጥሏል» አለ ቀስ ብሎ። «እዚሁ ቆሜ ነበር።»

«ቆመህ ነበር፤ ፊትህን ግን ወደ ግድግዳ አዙረህ። የነደደው የወንበር እግር ነው።»

«የእኔ ወንበር!» አባባ ሲሜዮን ጮኹ። «ያቺ አንካሳ ወንበር! ስንት ዓመት ጎረቤቶቼን ስጠረጥር ኖርኩ!»

ማንም ሊስቅ አልቻለም፤ ሁሉም የኦኖሬን እጅ ነበር የሚያየው።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? አንተ ዳቦህን ከመኪና ትገዛለህ። በስብሰባው ቀን ባሳይህ ኖሮ ከንቲባ ነህና ትከራከረኝ ነበር። ምድጃው ሲግል ጠብቄ ነው።» ከዚያ ሊጡን ወደ እሱ ገፋ አደረጉት። «አንተ ካላተምከው የሚያትመው የለም። ካላሻህም ማኅተሙ ያንተ ነው፤ እሳቱም እነሆ። አሁን ግን ወደ ግድግዳ ሳትዞር ጣለው።»

 ኦኖሬ ባርኔጣውን እንዳደረገ ወደ ምድጃው አፍ አየ፤ ወደ ሰባቱ ድንጋዮች። ከዚያ እጅጌውን ሰቀለ፣ በባልዲው ውስጥ እስከ አንጓው ታጠበ፣ እጁን በሱሪው ሳይሆን እማማ ፊሎሜን በዘረጉለት ጨርቅ አደረቀ። ማኅተሙን አነሣ። መጀመሪያ ገልብጦ ያዘው፤ ዴልፊን አስተካከለችለት። በሊጡ መካከል አኖረና በሁለት እጁ ጫነው። ሲያነሣው ሁለቱ ቀንዶች ጥርት ብለው ወጥተዋል።

«ሰባት!» ብለው አባባ ሲሜዮን ሲጮኹ ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ። ዴልፊን ክላሪስን አቀፈች፣ ኤሜ አባባ ሲሜዮንን ከመሬት አነሣቸው፣ እኔ ማንን እንዳቀፍኩ ዛሬም አላውቅም። እማማ ፊሎሜን ዳቦውን በረጅሙ አካፋ አንሥተው ወደ ውስጥ ሰደዱት፤ የጭሱና የጥቁሩ ዳቦ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ኦኖሬ «ሰኞ የሚፈርሰው ጎተራው ነው» አለና ማኅተሙን በካፖርቱ የውስጥ ኪስ፣ ደረቱ ላይ ከተተው። የታጠቡት እጆቹ ላይ ገና ዱቄት ነበር። ማንንም ሳያይ፣ ለማንም ደህና ዋሉ ሳይል፣ በሩን ከፍቶ ወደ በረዶው ወጣ።