ዲስኩን ፍሪጅ ውስጥ የከተትኩበት ቀን

ዛሬ ባለ አራት ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ከለስላሳ መጠጥ ፍሪጅ ውስጥ አወጣሁ። ያስገባሁትም እኔው ነኝ።

እትዬ ዘሃራ እዚህ ሸዋ ሮቢት ፎቶ ቤት አላቸው። የስንት ሰው የሰርግ ቪዲዮ የያዘው አሮጌ ዲስካቸው ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ሌላ ቅጂ የለም። ትልቅ ዲስክ ገዙና የኮምፒውተራቸውን ሥርዓት፣ ሊኑክስን፣ እንድጭንበት ጠሩኝ።

ሲጫን ያለ ችግር ይጫናል፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ግን ጥቁር ስክሪን ነው። ሦስቴ ጫንኩት፣ ሦስቴም ጥቁር።

"ሙቀቱ ነው" አልኳቸው፣ እንደ አዋቂ። የብርዱ አገር፣ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ፤ እዚህ ለሥራ ከተመደብኩ ወዲህ እምቢ ያለኝ ነገር ሁሉ በሙቀት ነው።

"ወላሂ ሙቀት አይደለም። አሮጌውስ የኖረው እዚሁ አይደል እንዴ?" አሉኝ።

አልሰማኋቸውም። አዲሱን ዲስክ ነቅዬ እንዲቀዘቅዝ ቤታቸው ውስጥ ያለው የለስላሳ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። አውጥቼ ስሞክረውም ያው ጥቁር።

ማዘርቦርዱን ለማየት ያሰብኩት ከሰዓት በኋላ ነው። የድሮ ነው፤ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ባዮሱ፣ ከሁለት ቴራባይት ከሚበልጥ ዲስክ ላይ ማስነሳት አይችልም። ሦስት ሰዓት ሙሉ የለፋሁት ለዚህ።

መፍትሔው ራሱ ያበሽቃል። ከመሳቢያቸው አንድ ትንሽ አሮጌ ዲስክ አወጣሁ፣ ሊኑክሱን እሱ ላይ ጫንኩ፣ ትልቁ የቪዲዮ ማስቀመጫ ብቻ ሆነ። ኮምፒውተሩ ወዲያው ተነሳ።

ቪዲዮዎቹ እየተገለበጡ ነው። እትዬ ዘሃራ ከዚያው ፍሪጅ አንድ ለስላሳ አውጥተው ሰጡኝ።

"ጠጣ፣ ልጄ። ሙቀቱ የመታው አንተን እንጂ ዲስኩን አይደለም።"

እናንተስ የራሳችሁን ስህተት በአየሩ ላይ ያላከካችሁበት ቀን የለም? አምጡት፣ ብቻዬን አልፈር።