ቦይለሩ የጠፋበት ሳምንት

ነዳጅ ገንዘብ እንደ ጉድ ባመጣበት የቡም ዘመን፣ ካናዳ ካልጋሪ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይዞ መዞር ሰርግ ቤት ገብቶ ጾም እንደ መስበክ ነበር። የእኔ ሥራ ግን እሱ ነበር፤ የሕንፃ ባለቤቶች የካርቦን ልቀት ደንቡን እንዲያሟሉ ሕንፃውን የሚያሞቀውን የጋዝ ቦይለራቸውን ሂት ፓምፕ በሚባል የኤሌክትሪክ ማሽን እንዲቀይሩ ማግባባት።

ከሁሉም ያስቸገሩኝ ዋይትሆርን ሰፈር ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ አፓርትመንት የነበራቸው ሽማግሌ ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር እዚያው ምድር ቤት ይኖራሉ። ማሽኑን እያጉረመረሙ አስገቡ፤ ቦይለሩ ግን እንዲነሳ በጭራሽ አልፈቀዱም።

«ስሚ ልጄ፣ ኤሌክትሪክ ሻይ ያፈላል እንጂ ሰው አያሞቅም» አሉኝ።

እናም ማሽኑ ተዘግቶ ተቀመጠ፤ ቦይለሩ ማጓራቱን ቀጠለ።

በረዶው እንደ ጀመረ ባለቤታቸው ኮል አደረጉልኝ። «ይሄ ጉድ ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ጀርባ እያገሳ እንቅልፍ ነሳኝ። እሱ ቸርች ሲሄድ ነይና አጥፊልኝ። ሕንፃው የእኔም ነው፤ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።»

መኪናዬን ከጀርባ ፓርክ አድርጌ እንደ ሌባ ገባሁ። ቦይለሩን አጥፍቼ ማሽኑን አስነሳሁና ወጣሁ።

በሳምንቱ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ውጭው ያንቀጠቅጣል፤ ጋሼ ሹራባቸውን አውልቀው በሸሚዝ ተቀምጠዋል። እጄን ይዘው ክፍሉን የሚያሞቀው ራዲያተር ላይ አስቀመጡት።

«ይሄ ነው ጋዝ ማለት! ያንቺ ማሽን ይሄን ያመጣል?»

«ከየት አምጥቶ፣ ጋሼ!»

ሚስትየዋ እየሳሉ ወደ ኩሽና ሮጡ። ሳሉ ግን ሳቅ ሆኖ ተሰማ። ጋሼ አንዴ ወደ ኩሽናው፣ አንዴ ወደ እኔ አዩና ጆሯቸውን አቀኑ።

«ቦይለሩ ምነው ዝም አለ?»

ተነስተው ወደ ቦይለር ክፍሉ ሄዱ። እኔም ሹልክ ብዬ ልወጣ ኮቴን አነሳሁ፤ ግን ቦይለሩን ዳስሰው ቶሎ ተመለሱ። ሹራባቸውን አንስተው ለበሱ።

«በረደኝ» አሉ።

«ሳምንት ሙሉ ሳይበርድህ ዛሬ ገና?» አሉ ሚስትየዋ ከኩሽና።

ጋሼ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቁ ቀደማቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳልነግራቸው ማድረጌ ጥፋት እንደ ነበር ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ጥፋት ነው! ሚስቴን ከጎኔ ሰርቀሻል» አሉኝ።

በፀደይ ቦይለሩ ተነቅሎ ወጣ። የልቀት ደንቡን የሚቆጣጠረው ኢንስፔክተር ሲመጣ ጋሼ ከፊት ከፊቱ እየሄዱ ስለ ልቀት ሲያስረዱት፣ ማሽኑን ራሳቸው የፈለሰፉት ነበር የሚመስለው። አንድ ነገር ልጨምር ስል ዞር ብለው አዩኝና፣

«አንቺ ቁጭ በይ፣ ደክሞሻል» አሉኝ።