ለሚመጣው ሰው

አያቴን አባባ ነበር የምንላቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ አንዲት ትንሽ የጀርመን መንደር ሄደው ሲመለሱ፣ እኛ ስለ ብርዱ ስንጠይቃቸው እሳቸው የሚያወሩት ስለ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር። «ከቤቶቹ ራቅ ብሎ ስንዴው ዳር ቆሟል። ከሥሩ ወንዝ አለ፤ እንደኛ ደቻቱ በበጋ አይደርቅም፣ ክረምት ከበጋ ይፈሳል። ወንበሩ የማንም አይደለም፣ የደከመው ሁሉ ይቀመጥበታል» ይሉ ነበር።

ወዲያው ሳቢያን ሰፈር፣ በራችን ላይ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ በበያጅ የብረት አግዳሚ አሠሩ። የዛፉ ጥላ መሃሉን እንጂ ጫፉን አይሸፍንም። አባባ ታዲያ ሁልጊዜ የሚቀመጡት ጫፉ ላይ ነው። «ኧረ አባባ፣ ጥላው ውስጥ ይግቡ» ስላቸው፣ «እሱ ለሚመጣው ሰው ነው» ይሉኛል።

ካረፉ ወዲህ ያ ጫፍ ላይ ለመቀመጥ የደፈረ የለም። ቤቱ በለቀስተኛ በሞላበት ቀን እንኳ ሰው አጠገቡ ቆሞ ዋለ።

ባለፈው ሳምንት እኔ ጥላው ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ ከጀልዴሳ ወተት የሚያመጡልን እናት ጀሪካናቸውን አስቀምጠው እዚያው ጫፍ ላይ ዘፍ አሉ። እናቴ ከበሩ ሆና «ውይ! እሱ እኮ...» ስትል፣ ሴትየዋ ደንግጠው ብድግ አሉ።

«ባለቤት አለው እንዴ?» አሉኝ።

«የለውም። ግን ወደዚህ ጠጋ ይበሉ» ብዬ ጥላውን ለቀቅኩላቸው፤ እኔም የአባባ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ።

ብረቱ ሱሪዬን አልፎ ለበለበኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሲቀመጡበት፣ «ይፋጃል» ብለውን አያውቁም።