አባቴ አፍንጫውን የሳተ ዕለት

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለች አንዲት ክሊኒክ ልጄን ላስከትብ ገብቼ ነርሷ ጥጡን በአልኮል ስትነክረው፣ ሽታው ሳላስበው ወደ ስምንት ዓመቴ ወሰደኝ።

አባቴ ያኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። በዚያ ዓመት መንገዳገድ ጀመረ፤ አንደበቱም ተሳሰረ። "መጠጥ ጀምሯል" ተባለ፤ መስጊድ ሲገባ ሰው ዞር ብሎ ያየው ጀመር። እናቴም ከእሱ ጋር ማዕድ መቅረብ ተወች።

በመጨረሻ ደሴ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ፣ ክፍሉ በሙሉ ወተት ውስጥ የተነከረ ይመስል ነበር። ወጣቷ ሐኪም ጣቷን ፊት ለፊቱ ዘርግታ፣ "ጋሼ፣ አፍንጫዎን ይንኩ፤ ከዚያ የእኔን ጣት" አለችው። እጁ እየተወዛወዘ ሄዶ ጉንጩ ላይ አረፈ። ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ። በቀጥታ መስመር የአንድ እግሩን ተረከዝ ከሌላው እግሩ ጣቶች እያገናኘ እንዲራመድ ስታዘው ግን፣ በሦስተኛው እርምጃ ሊወድቅ ሲል ደገፈችው።

"ወላሂ፣ መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም" አለ ሳትጠይቀው።

"አውቃለሁ ጋሼ። የታመመው ትንሹ አንጎልዎ ነው፤ ሚዛን የሚጠብቅልን እሱ ነው።"

ትልልቅ ሰዎች ሁለት አንጎል ያላቸው መሰለኝ። እናቴ ግን በሻርፗ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

ስንወጣ፣ ሰው በሚተራመስበት አስፋልት ዳር እናቴ ክንዱን ያዘችው።

"አፉ በለኝ፤ እኔም እንደ ሰው ጠረጠርኩህ" አለችው።

"አፉ ብያለሁ። ብቻ እንዳትለቂኝ።"

ሕመሙ መድኃኒት እንዳልነበረው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አባቴ አልዳነም፤ እስኪሞት ድረስ ግን መስጊዱ በር የምታደርሰው እናቴ ነበረች።