የአባ ሞገስ ዳማ ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደ

መነሻ

ጉዞዬን ከመተረኬ በፊት የሚናገረው ማን እንደሆነ አንባቢ ይወቅ። ገብሬ እባላለሁ። በላሊበላ ዙሪያ በጋማ ከብት ነገር የተቸገረ ሰው መጨረሻ የሚመጣው ወደ እኔ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ሌላ ሄዶ ቢሆን እንኳ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደልን ከመንገድ ዳር ሰሌዳና ከዱቄት ጆንያ ላይ ለቅሜ ራሴን አስተማርሁ፤ የፈረስን ጠባይም ከፈረሱ ከራሱ። ዕድሜዬን የፈጀሁት እንግዶችን በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም ሳወጣ ነው፤ ከበቅሎዬ ላይ የወደቀ ሰው የለም። አንድ ቀጭን ፈረንጅ ወድቋል የሚሉ አሉ። እሱ ፎቶ ሊያነሣ ብሎ ራሱ ነው የወረደው።

ለዚህ ጉዞ ምክንያት የሆኑኝ አባ ሞገስ ናቸው። የልጄ ባል አባት ሲሆኑ ከኮን ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ ቄስ ናቸው። የሚያገለግሉባት ቤተ ክርስቲያን ከሸለቆው ማዶ ናት። ጉልበታቸው ሲደክም ምእመናኑ አዋጥተው አንድ ዳማ ፈረስ ገዙላቸው። ፈረሱ ግን ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሲደርስ እየተንቀጠቀጠ ይዞራል፤ ሁለት ጊዜም ጥሏቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘውዴ ደውለው እንደነገሩኝ፣ ሰበካ ጉባኤው ፈረሱን ለመጪው ገበያ ሊያወጣው ወስኗል። ፈረሱ ከተሸጠ አባ ይቀራሉ፤ አባ ከቀሩ ለቅዳሴ የሚያስፈልጉት ካህናት ይጎድላሉ፤ አንድ ከጎደለ ደግሞ ቅዳሴ የለም።

«አያ ገብሬ፣ ሰውዬው ምግብ ትተዋል» አሉኝ ወይዘሮ ዘውዴ። ይህን ሰምቼ አላደርሁም ልል ነበር፤ መኪና ስላልነበረ አደርሁ።

ከላሊበላ ወደ ጋሸና

ማለዳ በባጃጅ መናኸሪያ ደረስሁ። ኮርቻዬን፣ ቋጠሮ ገብስና አንድ ቁራጭ አሞሌ ይዣለሁ። የሚኒባሱ ረዳት ኮርቻውን ጣሪያ ላይ ልጫነው ሲለኝ እምቢ አልሁ። ወንበር ላይ ሳስቀምጠው የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ። ይህ ኮርቻ ከብዙ ተሳፋሪ ይልቅ ጨዋ ነው፣ መስኮት ክፈቱ መስኮት ዝጉ አይልም ብዬ ስመልስለት ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሒሳቡ ግን አልቀረልኝም።

ሹምሸሃን አልፈን ወደ ደጋው ስንወጣ ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ። ከኮርቻው ወዲያ የተቀመጠው ሰኢድ የሚባል ጎልማሳ ነበር። ቆቦ ነው አገሩ፤ ጨርቅ ይነግዳል። ኮርቻውን እየዳሰሰ፣ ባጃጅ ከተማውን ሳይሞላው በፊት ጋሪ ይነዳ እንደነበር አጫወተኝ።

«የጋሪ ፈረስ፣ አባቴ፣ ሌላ ፍጥረት ነው» አለኝ። «ጎንና ጎኑን እንዳያይ ዓይኑን እንጋርደዋለን። ከኋላው ያለው የኛ ድምፅ ነው ዓይኑ። ዝም ከተባለ ይቆማል።»

ፈረሶቹ የት ገቡ ብዬ ስጠይቀው አብዛኞቹ ወደ ደጋ እንደተሸጡ ነገረኝ። የራሱን የሸጠ ቀን፣ ወላሂ፣ ቤቱ ገብቶ አልቅሷል። እኔም አዘንሁለትና ስለ በቅሎዎቼ እስከ ጋሸና ድረስ አወራሁለት። ሰውየው መስማት የሚችል ነው፤ አላቋረጠኝም።

ጋሸና ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከመንገድ ዳር ትኩስ ድንች ቅቅል በአዋዜ በላን፤ የከፈለው እሱ ነው። እኔ ኪሴን ስዳብስ ኮርቻህ የበላብህ ይበቃል ብሎ እጄን ያዘኝ። በዚያው ተሰነባበትን። እሱ ወደ ወልድያ፣ እኔ ወደ ኮን።

ከኮን እስከ መንደሩ

ከኮን በኋላ መንገዱ የእግር ነው። ኮርቻውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በገብስ ማሳዎች መካከል ሄድሁ። ገብሱ ደርሶ ነጥቷል፤ አጫጆች ከወዲያ ማዶ እየዘፈኑ ነው። ነፋሱ የባሕር ዛፉን ጫፍ ሁሉ ወደ አንድ ወገን አጋድሞታል። ከማሳዎቹ ጫፍ ላይ ምድሪቱ ትቆረጥና ሸለቆው ይጀምራል። ማዶ፣ ከጥድ መካከል፣ የቤተ ክርስቲያኗ ቆርቆሮ ያበራል። ለወፍ ቅርብ ነው፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን ሌላ አገር።

አባ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። መስቀላቸውን ከተሳለምሁ በኋላ ኮርቻውን አይተው «ገብሬ፣ ፈረሱ አንተንም ጥሎህ ሄደ?» አሉኝ። ቀልዱ ደስ አለኝ። የሚቀልድ ሰው ገና ተስፋ አልቆረጠም።

የመጀመሪያው ቀን

ዳማው መልኩ ያማረ፣ አንገቱ የረዘመ ፈረስ ነው። መንደርተኛው ክፉ ነው ይለዋል፤ ሰው ሲቀመጥበት ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል። ጆሮ ወደ ኋላ መጣል የንክሻ ምልክት እንደሆነ እዚያ አገር ሕፃንም ያውቃል።

እኔ የራሴ ዘዴ አለኝ። ፈረስ ላይ ከመውጣቴ በፊት ፈረሱ ወደ እኔ እንዲመጣ እጠብቃለሁ። አሞሌውን በመዳፌ አስላስሁት። ትንፋሼን እንዲያውቀው አፍንጫው አጠገብ ቆምሁ። ከአንገቱ እስከ ሰኮናው በእጄ ዳበስሁት። ከቀትር በፊት አገጩን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ይህን ለማግኘት ሌላ ሰው ሳምንት ይፈልጋል።

ከዚያ ኮርቻዬን ጭኜ ተቀመጥሁበትና ወደ ቁልቁለቱ ወሰድሁት። አባና ጎረቤቶቻቸው ተከትለውናል። ዳማው ገደሉ አፍ ሲደርስ ቆመ፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ፤ ላቡ መጣ። ጠበቅሁት። ከዚያ በኋላ ባንድ ጊዜ ዞረ። ወደቅሁ አልልም። ካሰብሁት ቀድሜ ወረድሁ። አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጥተው ሣሩን ከጀርባዬ አራገፉልኝና፣ «እኔ እንኳ ስወርድ እንዲህ አልፈጠንሁም» አሉ።

ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸው ግን ሳቃቸውን አልጨረሱትም። ማዶ እያዩ ቆዩ። የዲቁና ክህነት ከተቀበሉበት ከልጅነታቸው ጀምሮ አገልግሎታቸው ተቋርጦ እንደማያውቅ ቀስ ብለው ነገሩኝ። «እግዚአብሔር ይበቃሃል ብሎኝ ይሆናል» አሉ። ልጓሙን ይዤ ከኋላቸው ወደ ቤት ተመለስሁ። 

ወይዘሮ ዘውዴ ፈረስ ሲያጠጡ

በማግሥቱ ጠዋት ፈረሱን ወደ ምንጭ የወሰዱት ወይዘሮ ዘውዴ ናቸው። ምንጩ ያለው በዚያው ገደል ጥግ ነው። ገመድ አልያዙም። ፈረሱን አስቀድመው ከኋላው እየተናገሩ ይወርዳሉ። ለፈረሱ ባላቸውን ያሙለታል፣ የጎረቤቷን ዶሮ ያሙለታል፣ እሱኑም ራሱን ይወቅሱታል። ዳማውም በጠባቡ መንገድ በግድግዳው በኩል ተጠግቶ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አድርጎ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ይወርዳል።

ጆሮው ወደ ኋላ ነበር። አልነከሰም፤ ይሰማል!

ይህን ጊዜ ሰኢድ ትዝ አለኝ። እየሮጥሁ ወርጄ የፈረሱን ደረት ገለጥሁት። ከግራና ከቀኝ ትከሻው ላይ ጭረት የሚያህል ነጭ ጠጉር በቅሏል፤ የጋሪ ማነቂያ የላጠው ቆዳ ነው። አሁን ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ይህ ፈረስ ዕድሜውን ሙሉ ዓይኑ ተጋርዶ በሰው ድምፅ የሄደ ነው። አሁን ደግሞ ዓይኑ ተገልጦ ገደል ያሳዩታል፤ ከላዩ ያለው ሰው ግን ድምፅ የለውም። በእሱ ቤት ጌታው ትቶት ሄዷል።

«ወይዘሮ ዘውዴ፣ ይህ ፈረስ የዳነው በእርስዎ ምላስ ነው» አልኋቸው።

«ይህን ለባሌ ንገርልኝ» አሉ።

ከአሮጌ ቁርበት ሁለት ቁራጭ ቆርጬ ለልጓሙ ማሰሪያ የዓይን መጋረጃ ሰፋሁለት። ስፌቱንም ያስተማረኝ የለም። ከዚያ አባን፣ መንገድ ላይ ምን ያደርጋሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። እንደሚጸልዩ ነገሩኝ። ሲጸልዩ ድምፅ ያሰማሉ ወይ አልኋቸው። በልባቸው እንደሆነ፣ መንገድ ላይ ድምፅ ማሰማት ለታይታ እንዳይሆንባቸው እንደሚፈሩ መለሱልኝ።

«አባ» አልሁ፣ «እግዚአብሔር የልብዎን ይሰማል። ፈረሱ ግን የሚሰማው በጆሮው ነው።»

መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ከዚያ ኮርቻውን ጫንልኝ አሉ።

ቁልቁለቱ

አባ በዜማ ጀመሩ። ድምፃቸው ዕድሜ የነካው ቢሆንም ያምራል። ዳማው ገደሉ አፍ ላይ ደርሶ ቆመ። የአባም እጅ ልጓሙን አጥብቆ ያዘ፤ ልጓሙ ሲጠብቅ ፈረሱ ራሱን ወደ ላይ ወረወረ፤ ዜማውም ተቋረጠ። አንዱ ሌላውን ያስፈራራል። ዘልዬ ልይዝ ነበር። ነገር ግን እኔ ብይዘው ፈረሱ የሚያምነው እኔን ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ነገ ላሊበላ ነኝ። ስለዚህ እጄን ወደ ኋላዬ አጣምሬ አፌን ዘጋሁ።

ዳማው ጆሮውን ወደ ኋላ አድርጎ የጠፋውን ድምፅ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይፈልጋል። አባ ይህን አዩት። ፊታቸው ተለወጠ። «ለካ አንተም ትፈራለህ፣ ልጄ» አሉት፤ ልጓሙንም ለቀቅ አደረጉለት፤ ዜማውንም ካቋረጡበት ጀመሩ። ፈረሱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። አንድ እግሩን አወረደ፤ ሌላውን አስከተለ። ወይዘሮ ዘውዴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው ነበር። ታችኛው መታጠፊያ ላይ ከዓይናችን ተሰወሩ፤ ዜማው ግን ከሸለቆው ይሰማን ነበር። ብዙ ቆይቶ ከማዶ የቤተ ክርስቲያኗ ደወል ተመታ። አባ መድረሳቸውን ነው የነገሩን።

ማምሻውን እየዘመሩ ተመለሱ። ፈረሱን ስንቀበላቸው የቀኝ መጋረጃው የለም፤ መንገድ ላይ ተበጥሶ ወድቋል። አባ አላወቁም ነበር። ያ ዓይን በመመለሻው በገደሉ በኩል ያለው ዓይን ነው። ፈረሱ ገደሉን እያየው መጥቷል። መጋረጃውን ሌላ ልስፋ ስል አባ በእጃቸው ከለከሉኝ፤ ግራውንም ራሳቸው ፈቱት። ስፌቴ ተበጠሰ የሚል ካለ፣ ሊበጠስ የሚገባው ጊዜ ደርሶ ነው የተበጠሰው።

ወደ ቤት

በማግሥቱ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች መጥተው አይተው፣ ፈረሱን ወደ ገበያ የማውጣቱ ነገር ቀረ። ወይዘሮ ዘውዴ ድፎ ዳቦ ጋግረው ስንቅ አስያዙኝ፤ አባም ራሴን በመስቀላቸው ዳብሰው ባረኩኝ። ኮርቻዬን ግን ይዤ አልተመለስሁም። ዳማው ለምዶታል፤ ተውሁለት። በመመለሻዬ ሚኒባስ ውስጥ የአንድ ሰው ሒሳብ ብቻ ከፈልሁ። ላሊበላ ስገባ ፀሐይ አሸተን ተራራ ላይ ነበረች። ሰኢድን ጋሸና ላይ በዓይኔ ፈልጌው አጣሁት፤ ምስጋናዬ ባለበት ይድረሰው።

እንግዲህ በዚህ ጉዞ ያከናወንሁትን ልቁጠር። ክፉ የተባለ ፈረስ ክፉ እንዳልሆነ አስመስክሬአለሁ። የጋሪ ፈረስ ለኮርቻ አብቅቻለሁ። የዓይን መጋረጃ ሰፍቻለሁ። በዝምታ ይጸልዩ የነበሩ ቄስ ለሸለቆው ሁሉ እንዲዘምሩ አድርጌአለሁ። የወይዘሮ ዘውዴ ንግግር ጥቅም እንዳለው ባላቸውን አሳምኛለሁ፤ ይህ ከፈረሱ ይልቅ ከባድ ነበር። በጉዞዬ ሁሉ አልወደቅሁም፤ አንዴ ወርጃለሁ። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ፣ ገደሉ አፍ ላይ፣ ሁሉን የማውቅ እኔ፣ ሁለቱ እርስ በርሳቸው እስኪተማመኑ ድረስ ዝም ብዬ ቆሜአለሁ። ይህን ሚስቴ አላመነችኝም። ምስክር አለኝ አልኋት፤ ደውላ ወይዘሮ ዘውዴን ጠየቀች፤ እውነት ነው አሏት።