ካሰች ጠርታ ያስቆመችው ሰው

ካሰች ከቡሬ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር በቆሎ ትጠብሳለች። ቀጭን ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግን ከሰውነቷ ጋር አይመጣጠንም። በሬ የጠፋበት፣ ጅብ በረቱ የገባበት ሰው ጩኺልኝ ብሎ የሚለምነው እሷን ነው። አንዴ «ኡ ኡ!» ካለች ከጋራው ማዶ ያለው ሳይቀር የያዘውን ይዞ ይሮጣል። በእኛ አገር ጩኸት ሰምቶ የቀረ ሰው ከዚያ በኋላ እድር ላይ ቀና ብሎ አይናገርም።

መስከረም ላይ፣ አንድ ማለዳ፣ ዝናብ ያራሰው መታጠፊያ ላይ ቤንዚን የጫነ ቦቴ ተገለበጠ፤ ቤንዚኑም በመንገዱ ዳር ቦይ መፍሰስ ጀመረ። ሾፌሩ ሀይሉ ግንባሩ እየደማ በመስኮት ወጣ።

«እህቴ፣ እሳቱን! አፈር አልብሺው!»

ካሰች እርጥብ አፈር በሁለት እጇ እየዛቀች ከሰሏ ላይ ከመረችበት። ጭሱ ጠፋ። ቀና ስትል የሰውየውን ደም አየች፤ ያን ጊዜ ዕድሜዋን ሙሉ የለመደችውን አደረገች። ጮኸች።

አገሩ ጎረፈ። ከላይ ከመንደሩ ቁልቁል የሚሮጠው ሰው መጀመሪያ ዱላና ዶማ ይዞ ነበር። የቤንዚኑ ሽታ ሲደርሰው ግን ግማሹ ወደ ቤቱ ተመልሶ ጄሪካን ይዞ መጣ። ከፊት ከፊት የሚሮጠው የገዛ ባሏ ጌታሁን ነው፤ ሁለት ቢጫ ጄሪካን አንጠልጥሏል።

«ተመለሱ! አንዲት ብልጭታ ትበቃለች!» አለ ሀይሉ።

«መሬት ከሚጠጣው እኛ ብንቀዳው ምን አለበት?» አለ አንዱ።

«ጌታሁን፣ በማርያም ተመለስ!» አለች ካሰች።

«ምነው ካሱ! ኑ ብለሽ ጠርተሽ ደጅ ላይ ታባርሪናለሽ?»

ሰው ሳቀ። ካሰች አልሳቀችም። እኔው ጠርቼ ላስፈጃቸው ነው ብላ እጇን ዘርግታ ከፊታቸው ቆመች። በዚህ መሀል የነፍስ አባቷ ቄስ ቂርቆስ፣ እሳቸውም ጩኸቷን ሰምተው፣ እያለከለኩ ደረሱ። ሮጣ የቀሚሳቸውን ጫፍ ያዘች።

«አባ፣ ይገዝቱልኝ! ማንም እንዳያልፍ ይገዝቱልኝ!»

«ልጄ፣ ግዝት እኮ ለተጣላ ሰው ነው። ለቤንዚን የገዘተ ቄስ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ነገ ለፍትሐት ከሚቆሙላቸው ዛሬ ይገዝቱ፣ አባ!»

ቄሱ በቦዩ ውስጥ የሚያብለጨልጨውን ፈሳሽ አዩ። ከዚያ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው መንገዱ መሀል ቆሙ።

«ከዚህ መስቀል ያለፈ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ የተገዘተ ይሁን!»

ሰው ሁሉ ባለበት ቀረ። ጌታሁን አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር፤ ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ መለሰው።

ሀይሉ አሁን የሚሰማው ሰው አገኘ። ስልክ የያዘ ሁሉ አጠፋ፤ ባጃጅና ሞተር የያዘ ሳያስነሣ በእጁ እየገፋ ራቀ። ሰዉን ሁሉ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ወደ ዳገቱ አወጣው። ከብት የሚጠጣበት ወንዝ ከታች ስለነበር፣ ቤንዚኑ ገና ካልደረሰበት፣ ራቅ ካለ ቦታ ላይ ገበሬዎቹ ቦዩን ደፈኑት። ውኃ ከማሳ መመለስ የለመዱ ናቸው። ብረት ድንጋይ መትቶ እሳት እንዳይተፋ ዶማቸውን ጥለው አፈሩን በእጃቸው ዛቁ።

የእሳት አደጋ መኪናው ከቡሬ መጥቶ ቦታውን በነጭ አረፋ ሲሸፍነው ቄስ ቂርቆስ መስቀሉን እንደያዙ እዚያው ቆመው ነበር። አንድም ሰው አልተቃጠለም።

የጌታሁን ጄሪካኖች ዛሬ አፋቸው ተቆርጦ፣ ለእሳት ማጥፊያ ደረቅ አፈር ተሞልተው ከካሰች ምድጃ አጠገብ ተቀምጠዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ መከረና፣ ከእንግዲህ ቤንዚን ወይም መርዝ የፈሰሰ እንደሆነ ካሰች «ኡ ኡ» ሳይሆን «ቁም!» ብላ እንድትጮኽ ተስማማ። እሷም እዚያው ሞከረችው።

ከጋራው ማዶ ሣር ተሸክማ ትወርድ የነበረችው ጎረቤቷ አደይ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ትንሽ ጠብቃ፦

«አንቺ ካሰች! እስከ መቼ ነው የምቆመው?» ስትል ተሰማች።